ሞላ በየቀኑ ይሠራል

መምህር ይሻው ገና አርባ አልሞላውም፤ የዝውውር ማመልከቻው ግን ሸብቷል። ሚስቱ ትዝታ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ሴት ልጃቸውም እናቷ ዘንድ ናት። እሱ ከጋፋት ማዶ፣ ባጃጁ «ከዚህ ወዲያ አልሄድም» ብሎ ከሚያወርድበት ቦታ ገና ሽቅብ ተወጥቶ በሚደረስበት የሚካኤል አጥቢያ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ዓርብ ከሰዓት ይወርዳል፣ እሑድ ከሰዓት ይወጣል። አምና አንድ ዓርብ በሩን ሲያንኳኳ ልጁ ከፍታ አየችውና ወደ ጓዳ ዞራ «እማዬ፣ ያ እንግዳ መጣ» አለች። ትዝታ ሳቀች፤ ይሻውም አብሯት ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ዝውውር ለእሱ የቢሮ ቃል መሆኑ ቀረ።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመምህርን ብሶት በትዕግሥት ሰምቶ በዚያው ትዕግሥት የሚረሳ ቤት ነው። ዘንድሮ ግን አዲስ ፈሊጥ አወጣ፤ ከተማ መግባት የሚሻ መምህር በተቆጣጣሪ ፊት አንድ ሞዴል ክፍለ ጊዜ ያስተምር፣ ነጥብ ያሟላ ይዛወራል ተባለ። ፈሊጡ በሥልጠና ታወጀ። አሠልጣኙ ከአዳራሹ ፊት ቆሞ እጁን እያወናጨፈ፣ የመማሪያ መጽሐፉ የባዕድ ስምና የባዕድ ኑሮ እንደታጨቀበት፣ ንቃተ ኅሊና ያለው መምህር ግን እያንዳንዱን ምሳሌ አካባቢያዊ ማድረግ እንዳለበት አስረዳ። መምህራኑ አጨበጨቡ፣ አበላቸውን ተቀበሉ፣ ወደየመጡበት ተበተኑ። አካባቢው ራሱ ይስማማ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። አካባቢ አፍና ጆሮ ያለው ፍጡር መሆኑን ማንዋሉ አልጻፈውም።

ለይሻው የደረሰው ገጽ ስለ አንድ ግስ ነበር፤ ወርክ። እንግሊዝኛ ውስጥ ይህ ግስ ያልገባበት ጓዳ የለም። ሰው ወርክ ያደርጋል፤ ሰዓት ወርክ ያደርጋል፤ መድኃኒት ሲያሽር ወርክ አደረገ ይባላል፤ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያንጎላጅ ዘበኛም ወርክ ላይ ነው፤ ሹም ሳይቀር ወርክ ያደርጋል ተብሎ ይታመናል። ከፋብሪካ ፊሽካ ጋር መንታ ሆኖ የተወለደ ግስ ስለሆነ ቀን አይመርጥም፣ ታቦት አያውቅም። መጽሐፉ አጠቃቀሙን ሲያስረዳ፣ የዘወትር ልማድን ለመናገር እንዲህ በሉ ይልና ጆን የሚባል ሰው በየቀኑ ፋብሪካ ውስጥ እንደሚሠራ ይናገራል። በይሻው ክፍል ጆንን የሚያውቅ የለም፤ ፋብሪካ ያየም የለም። ይሻው እንደታዘዘው አደረገ። ፋብሪካውን አፍርሶ ማሳ አደረገው። ጆንን አሰናበተና በቦታው ሞላን ቀጠረ።

ሞላ አከራዩ ነው። ይሻው የሚኖረው በሞላ ግቢ ጥግ ካለች ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ውስጥ ሲሆን የሰውየው ልጅ ፀጋም ሰባተኛ ክፍል ሦስተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ ተማሪው ናት። በዚያ ሸንተረር ላይ እንደ ሞላ ማልዶ በሬ የሚጠምድ፣ እንደ ሞላ አምሽቶ የሚፈታ የለም። ይሻው ከሁሉ ታታሪውን ሰው መረጠና ስሙን በጠመኔ ጻፈ፤ ሞላ ወርክስ ኤቭሪ ዴይ። ሞላ በየቀኑ ይሠራል። ልጅቱም ትኮራለች፣ ሰውየውም ሲሰማ ደስ ይለዋል ብሎ አሰበ። የተማረ ሰው ምስጋና ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ ተመስጋኙን አያማክርም።

ልጆቹ ዓረፍተ ነገሩን ወደዱት። እስከዚያ ቀን ድረስ እንግሊዝኛ የማያውቋቸው ሰዎች ወሬ ነበር፤ አሁን ግን አያ ሞላ ውስጡ ገባ። ለተቆጣጣሪው ቀን እንዲለማመዱ ደጋግሞ አስባላቸው። ደወል ሲደወል እየጮኹት ወጡ፣ እየጮኹት ቁልቁል ወረዱ፣ በየማሳው ድንበር እየተቀባበሉት ሄዱ። ከልጆቹ አማርኛውን ያልሰማች እናት በዚያ ቀን አልነበረችም።

የሚካኤል አጥቢያ ሰው ሥራ የሚለው የታወቀ ነገር ነው። ማረስ ሥራ ነው፤ ማጨድ፣ መውቃት፣ እህል መፍጨት ሥራ ነው። በበዓል ቀን እነዚህን የነካ ሰው በዓል ሻረ ይባላል። አጥር መጠጋገን፣ ገመድ መግመድ፣ ገበያ መውጣት፣ የታመመ መጠየቅ፣ ሽማግልና መዋል ሥራ አይባሉም፤ ቀኑ ራሱ እየሠራ ሰውየው አብሮት ይቀመጣል። የበዓል ሻሪ ዕዳ ደግሞ የግሉ አይደለም። በአንዱ ጥፋት በረዶ ይመጣል፤ በረዶ ሲመጣ ድንበር ጠይቆ አይወርድም። ስለዚህ ጎረቤት የጎረቤቱን በሬ ይጠብቃል። ከተማ ያለው ሹም ይህን ኋላ ቀርነት ይለዋል፤ እሱ ራሱ ግን ከስብሰባ የቀረበትን ሰው የሚያሳድደው በዚሁ ሒሳብ ነው።

በዚያ ጥቅምት፣ በወሩ ሚካኤል ማግሥት፣ በረዶ ወርዶ ነበር። የሞላን ጎረቤት የአለሙን ገብስ መሬት ላይ አንጥፎ፣ የሌሎችንም መትቶ፣ ሞላ ድንበር ላይ ሲደርስ ቆመ። የሞላ ገብስ ዘለላው ሳይነካ ቀጥ ብሎ ቀረ። አጥቢያው ሰሞኑን ሻሪውን ሲፈልግ ሰንብቷል። ይሻው ይህን ሰምቷል፤ ግን እሱ ስለ ዝውውሩ እያሰበ ነበር የሰማው። ጥፋተኛ በሚፈለግበት ሳምንት ሞላ በየቀኑ ይሠራል የሚል ቃል በመንግሥት ሰሌዳ ላይ ወጣ። «በየቀኑ» ውስጥ ሚካኤል እንዳለ ለመረዳት ደግሞ ሰባተኛ ክፍል መድረስ አያሻም።

በማግሥቱ ጠዋት ሞላ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ነበር።

«መምህር፣ ምን በድዬህ ነው?»

«ምነው አያ ሞላ፣ ምን ሆኑ?»

«ለአጨዳው ደቦ ጠርቼ ነበር። ማታውኑ አንድ በአንድ እየመጡ አንውልም አሉኝ። አለሙ ደግሞ፣ በሬ ላውሰው የነበረው ሰውዬ፣ ሻሪ ነህ ብሎ ደጄ ላይ ተፋ። ማን አለ ብለው፣ የናንተው ተከራይ ነው ያለው፣ ያውም በእንግሊዝኛ አለኝ።»

ይሻው ምስጋና እንደሆነ፣ ለምሳሌ ያህል እንደተባለ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ጆን የሚባል ሌላ ሰው እንደነበር ሊያስረዳ ሞከረ። ሞላ እስከ መጨረሻው ሰማውና፣ «ታዲያ የዚያን ሰውዬ ስም ምን በላው? እሱን አትተወውም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። በአጨዳ ሰሞን ደቦ የተነፈገ ሰው ገብሱ ከነዘለላው ይረግፋል፤ አጥቢያው የለየውን ሰው ደግሞ እሳት የሚያስጭረውም አይኖርም። ሞላ ይህን አልተናገረም፤ ዞሮ ሄደ።

ለእሑድ ሽማግሌ ተጠራ። ይሻው በዚያ ሳምንት መውረዱን ትቶ ለትዝታ ደወለ። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ አንድ ግስ ሊያስረዳ መሆኑን ሲነግራት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ አላት፤ ለሷም ሽማግሌ ላስቀምጥላት?» አለችው። ስልኩን ዘጋች ማለት አይቻልም፤ አስቀመጠችው።

ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ካለው ወይራ ሥር ተሰበሰቡ። ቄሰ ገበዙ ቄስ አስናቀ መሐል ተቀመጡ። አለሙ በስተቀኛቸው፣ ሞላ ብቻውን በስተግራ። ይሻው ቆመ። መምህር ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ እንዲያ ያደመጠው ክፍል ገጥሞት አያውቅም።

«መምህር» አሉ ቄስ አስናቀ፣ «ይህ ወርክ የምትለው ማረስን ይጨምራል?»

«ይጨምራል፣ አባ።»

«ገመድ መግመድንስ?»

ይሻው ትንሽ አሰበ። «እሱንም ይጨምራል።»

«አጥር ማጠርን? ገበያ መዋልን?»

«በነሱ ቋንቋ ሁሉም ይገባል።»

«ምኑን ነው ታዲያ የማይጨምረው?»

«መተኛትን» አለ ይሻው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ቄሱ ዞር ብለው ሲያዩት ሳቁን እንደ ሳል አደረገው።

ሞላ ብድግ አለ። በሚካኤል ቀን ጓሮው ተቀምጦ ገመድ ሲገምድ መዋሉን፣ ያንንም አጥቢያው ሁሉ ማየቱን ተናገረ። ገመድ ከመቼ ወዲህ በረዶ እንደሚጠራ ይነገረው አለ። ቄሱ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ነገሩ ሊበርድ ሲል ይሻው፣ የተማረ ነውና፣ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ ብሎ አሰበ። እንዲህ ያለው አነጋገር አንድ ሰው በአንድ ቀን ያደረገውን እንደማይመሰክር፣ የሰውየውን የዘወትር ልማድ ብቻ እንደሚያመለክት አብራራ።

አለሙ እጁን አነሣ። «ሰማችሁ? እኛ አንድ ሚካኤል ሻረ ነበር ያልነው። መምህሩ ልማዱ ነው እያለ ነው።»

ከዚያ በኋላ ይሻው የተናገረው ሁሉ ጉድጓዱን አሰፋው። በመጨረሻ ቄስ አስናቀ ፈረዱ። ቃሉን ያመጣው መምህሩ ነው፤ በልጆቹ ፊት፣ በዚያው በተባለበት ቋንቋ፣ ሞላ በየቀኑ አይሠራም ብሎ ይመልሰው። አለሙ በመስኮት ቆሞ ይስማ። ቃሉ ከተመለሰ ሞላ ደቦውን ያገኛል፤ ካልተመለሰ ግን ሻሪው እስኪታወቅ ድረስ ተለይቶ ይቆያል። ይሻው በደስታ ተስማማ። አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጦ መጻፍ ምን ይቸግራል?

ሰኞ ጠዋት ይሻው ተቆጣጣሪውን አቶ ፋሲልን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው።

ተቆጣጣሪው የሚመጣው በሌላ ሳምንት ነበር፤ ግን መኪና ተገኘና መኪናው ያዘዘው ቀን ቀኑ ሆነ። አቶ ፋሲል ከኋላ ወንበር ላይ ጫማውን ከጭቃ እያራቀ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ነጥብ የሚሞላበት ወረቀትና ይሻው ቀደም ብሎ የላከው የትምህርት ዕቅድ አለ፤ ዕቅዱ ላይ ሞላ በየቀኑ እንደሚሠራ በማኅተም ጸድቋል። ፀጋ አንገቷን ደፍታለች። አለሙ መስኮቱ ላይ ክንዱን አስደግፎ ቆሟል። አቶ ፋሲል አየውና የወላጅ ተሳትፎ በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረገ።

ይሻው ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሞላ ዳዝ ኖት ወርክ ኤቭሪ ዴይ። ልጆቹ ከወንበራቸው ሊነሡ እስኪደርሱ ድረስ ጮኸው አሉት። ፀጋ ቀና አለች። አለሙ መስኮቱ ላይ ፊቱን አጨፈገገ፤ ግን ሰምቷል፣ መስማቱንም ልጆቹ አይተዋል። ሞላ ነጻ ወጣ።

«መምህር፣ አንድ ጊዜ» አለ አቶ ፋሲል።

ወደ ሰሌዳው መጥቶ በጣቱ ጠቆመ። በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ተናገረ። ዓረፍተ ነገሩ ከጸደቀው ዕቅድ ወጥቷል። ይህ ባልከፋ፤ ግን አርሶ አደሩን ሰነፍ አድርጎ ያሳያል፣ የልማት መንፈስ የለውም። ርዕሱ ሥራ ሆኖ የማይሠራ ሰው እንዴት ምሳሌ ይሆናል? ይሻው የመጽሐፉን ጆን ልመልስ ወይ ብሎ ጠየቀ። አቶ ፋሲል ጆን አካባቢያዊ አለመሆኑን አስታወሰው።

«ቀላል ነው እኮ» አለ። «እዚሁ የምታውቁትን፣ ከልቡ በየቀኑ የሚሠራ አንድ ሰው ፈልግ። አዎንታዊ አድርገው። ለዚህች ብለህ ነጥብ አትጣ፤ ከዚህ ሌላ ሁሉን አሟልተሃል።»

ይሻው ጠመኔውን ይዞ ቆመ። በየወንበሩ የተቀመጡትን ልጆች አባቶች በልቡ አንድ በአንድ አየ። የማናቸውንም ስም ቢጽፍ ማታ አንድ ቤት ደቦ ይቀርበታል። ልጁ በር ከፍታ ያየችበት ዓይን ትዝ አለው። በዚህ አጥቢያ ውስጥ ሚካኤል ሳይል፣ ማርያም ሳይል፣ ደወል ሲደወል የሚነሣ፣ መንግሥት አዝዞ በበዓልም ክፍል ውስጥ የሚያውለው ሰው አንድ ብቻ ነው። ዞረና ጻፈው። ቲቸር ይሻው ወርክስ ኤቭሪ ዴይ።

ልጆቹ ማንንም የማይጎዳ ዓረፍተ ነገር በማግኘታቸው ጣሪያው እስኪርገበገብ ጮኹት። አቶ ፋሲል ፈገግ አለ። ለፈጠራው፣ ለአዎንታዊነቱ፣ መምህሩ ራሱን አርአያ በማድረጉ ሙሉ ነጥብ ሰጠው። ጨብጦትም «በከተማ ያገናኘን» ብሎ ሄደ። ይሻው ባዶው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለትዝታ ደወለ፤ ማለፉን ነገራት። ልጅቱን አገናኘችውና እንደ ነገ የሚመጣ ሰው ብዙ አወራት።

የመስኮቱን ሰው ረስቶት ነበር።

በሳምንቱ ቄስ አስናቀ፣ አለሙና አንድ ሌላ ሽማግሌ ወደ ኪራይ ክፍሉ መጡ። በአክብሮት መጡ፤ ጫማቸውን ደጅ አወለቁ። ሞላ ደቦውን አግኝቶ ገብሱን ማጨዱን ነገሩት፤ ስለዚያም አመሰገኑት። ከዚያም ቄሱ ወደ ነገራቸው ገቡ። ሻሪው ሲፈለግ ሰነበተ፤ አሁን አንድ ሰው ተገዶ ሳይሆን ወዶ፣ በገዛ አንደበቱ፣ በልጆች ሁሉ ፊት በየቀኑ ይሠራል ብሎ ስለ ራሱ ተናግሯል።

ይሻው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። ሳቁ ብቻውን ሲቀር በቁጣ ተነሣ። እሱ የሠራው ማስተማር ነው፤ አልታረሰበት፣ አልታጨደበት። እነሱው ባወጡት ሕግ ይፈረድልኝ አለ።

«እኛማ» አሉ ቄስ አስናቀ፣ «ማስተማርን ሥራ ብለን አናውቅም። እዚያ ታች የኔታ ለልጆቹ ዳዊት የሚያስደግሙት በሚካኤልም በማርያምም ነው፤ ቀና ብሎ ያያቸው የለም። አንተንም እስከ ዛሬ ያየህ አልነበረም። ሥራ ነው ያልከው አንተ ነህ፣ ልጄ። አንተ ካልክ እኛ ምን እናድርግ?»

ይሻው ነገሩን ለሃያ ልጅ ቢሆን በሰሌዳ ያስረዳው ነበር። እዚህ ግን በረዶ የመታው ሰው ተቀምጧል፤ አለሙ ለገብሱ ካሣ አልጠየቀም፣ የጠየቀው አንድ ጥፋተኛ ብቻ ነው፤ ጥፋተኛ ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ፣ መሬት የሌለው፣ የማይከስስ ሰው ሲሆን ለሁሉም ይቀላል። ይህ ዓይነቱ ብልሃት ከተማም ገጠርም አንድ ነው፤ ከተማው ግምገማ ይለዋል።

ሽማግሌዎቹ ደብረ ታቦር ድረስ ወርደው ለጽሕፈት ቤቱ ተናገሩ። ክፉ አላወሩበትም። ሰውየው ትጉ ነው፣ ልጆቻችን ይወዱታል፤ ብቻ ውሰዱልን አሉ። ጽሕፈት ቤቱ እንዲህ የተመቸ ጉዳይ ቀርቦለት አያውቅም፤ መምህሩ ዝውውር ይፈልጋል፣ ሕዝቡ ዝውውሩን ይፈልጋል፣ ነጥቡ ሞልቷል። ወዲያው ተፈቀደ። የከተማ ቦታ ግን በሙሉ ነጥብ ብቻ አይገኝም፤ «ውሰዱልን» ደግሞ ቅሬታ ነው፤ የኅብረተሰብ ቅሬታ የቀረበበት መምህር ከተማ አይመደብም። ስለዚህ ክፍት ቦታ ወዳለበት፣ ከወንዛዬ ፍል ውኃ ወዲያ ወዳለ ትምህርት ቤት ላኩት። አቶ ፋሲል በስልክ እንኳን ደስ አለህ አለው። ይሻው ከዚያ ደብረ ታቦር ለመግባት ሙሉ ቀን እንደሚፈጅ ሊነግረው ፈለገ፤ ሰውየው ግን ቸኩሎ ነበር፣ መኪና ተገኝቶለት።

«ዝውውሩ ወጣ አሉ?» አለች ትዝታ።

«ወጣ።»

«ወዴት?»

ሲነግራት ከወዲያ በኩል የሱቁ ጫጫታ ይሰማል። አንዲት ደንበኛ ስለ ነጠላ ዋጋ ትከራከራለች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ለፋሲካ ለፍል ውኃው እንመጣለን፤ እንደ ሰው ታጥበን እንመለሳለን። ያን ጊዜ እንግዳው እኛ ነን።»

የሄደው በአቦ ቀን ነው። ሞላ ማለዳ አህያውን ይዞ መጣ። አልጋውን ፈታ፣ ፍራሹን ጠቀለለ፣ መጽሐፎቹን በጆንያ ከተተ፣ ሁሉንም በዚያው በሚካኤል ቀን በገመደው ገመድ ጠፍሮ አሰረው። ላብ አላበው። ፀጋ የመምህሩን ፋኖስ ይዛ ከኋላ ተከተለች። ማዶ ማዶውን ሰዎች በየደጃቸው ተቀምጠው ያዩአቸዋል፤ የቆመ በሬ እንጂ የተጠመደ አይታይም።

«አያ ሞላ፣ ዛሬ እኮ አቦ ነው» አለ ይሻው።

«አውቃለሁ።»

«ይሄ ሁሉ ታዲያ?»

«ይሄማ መሸኘት ነው።» ሞላ ገመዱን በጉልበቱ ተደግፎ አጠበቀው። ጥቂት እንደሄዱ ግን አንድ ነገር እንዳሳሰበው ሰው ዞር አለ። «ለመሆኑ መምህር፣ በነሱ ቋንቋ ይሄን ምን ይሉታል?»

ይሻው ወደ ማዶ አየ። አለሙ ደጁ ላይ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደነሱ ይመለከታል። ፀጋ ፋኖሱን ይዛ መልሱን ትጠብቃለች።

«አላውቅም፣ አያ ሞላ» አለ። «እስከዚህ አልተማርኩም።»

ሞላ አህያዋን መታ አደረጋት፣ ቁልቁል ወረዱ።